«ካይንድ ኦፍ ብሉ» ከስድሳ ዓመት በላይ ቆይቶም የማይሰለቸው ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ የማታ አድማጭ

የተከበራችሁ የሙዚቃ ወዳጆች፣ ጤና ይስጥልኝ።

ማይልስ ዴቪስ እ.ኤ.አ. በ1959 ያወጣውን «ካይንድ ኦፍ ብሉ» የተባለ የጃዝ አልበም ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ፣ አጎቴ ከሸክላ ወደ ካሴት ገልብጦ በሰጠኝ ቅጂ ነበር። በካሴቱ ላይ የዜማዎቹም ሆነ የተጫዋቾቹ ስም አልተጻፈም፤ በአጎቴ የእጅ ጽሑፍ «ለማታ» የምትል አንዲት ቃል ብቻ ነበረችበት። ቤታችን ውስጥ ጧትና ማታ የሚሰማው ጥላሁን ገሠሠና ብዙነሽ በቀለ ስለነበሩ፣ ዘፋኝ የሌለበትና አንዱ ዜማ ዘጠኝና ዐሥር ደቂቃ የሚፈጅ ሙዚቃ ለጆሮዬ እንግዳ ሊሆንብኝ ይገባ ነበር። ነገር ግን አልሆነብኝም። በመጀመሪያው ዜማ መግቢያ ላይ ፒያኖውና ቤዙ በዝግታ የሚነጋገሩበትን ያን ጥቂት ሰከንድ ስሰማ፣ ከዚያ በፊት የማውቀው ቤት የገባሁ ያህል ተሰማኝ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓመት አልፏል። በዚያ ዕድሜዬ አብዝቼ እወዳቸው ከነበሩት ሙዚቃዎች አብዛኞቹን ዛሬ እስከ መጨረሻው ማዳመጥ ያቅተኛል፤ ቀጥሎ የሚመጣውን ሁሉ ስለማውቀው ጆሮዬ ቀድሞ ይሄድብኛል። ይህ አልበም ግን አምስቱንም ዜማዎች በቃሌ እያወቅኋቸው፣ በሰማሁት ቁጥር ያላስተዋልሁት ነገር ያሳየኛል። ባለፈው ሳምንት ለምሳሌ በ«ኦል ብሉዝ» መጀመሪያ ላይ ከሌሎቹ መሣሪያዎች ሥር የሚርገበገበውን የፒያኖ ድምፅ ለብቻው ለይቼ ሰማሁትና፣ ይህን ሁሉ ዘመን የት ነበርሁ ብዬ ራሴን ጠየቅሁ።

ይህ የእኔ ብቻ ስሜት እንዳልሆነ አውቃለሁ። የአሜሪካ የቀረጻ ኢንዱስትሪ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2019 ለአልበሙ የአምስት ሚሊዮን ቅጂ ማረጋገጫ ሰጥቶታል፤ የአገሪቱ የተወካዮች ምክር ቤትም በ2009 የአልበሙን ኀምሳኛ ዓመት አስቦ፣ ጃዝ የአገሪቱ ሀብት መሆኑን የሚያጸና ውሳኔ አሳልፏል። እኔን የሚያሳስበኝ ምክንያቱ ነው። በሁለት ቀን የተቀዳ ሙዚቃ ይህን ያህል ዘመን የሚሻገርበትን ኃይል ያገኘው ከዜማዎቹ አወቃቀር ነው፣ ከተጫዋቾቹ ነው ወይስ ከአቀራረጹ? ወይስ እኔ የማዳምጠው ሙዚቃውን ሳይሆን አጎቴን ነው? ይህ የመጨረሻው እውነት ሊሆን ይችላል ብዬ ስለምሰጋ፣ ሙያውን የምታውቁ በዝርዝር ብታስረዱኝ በእጅጉ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ የክራር መምህር

ወንድሜ፣ የአጎትዎ ትዝታ ድርሻ የለውም ልልዎ አልችልም። ሆኖም ሙዚቃው ራሱ «የማውቀው ቤት ገባሁ» የሚያሰኝዎት በቂ ምክንያት አለው፤ እኔም ይህን የተረዳሁት በክራር ነው።

እ.ኤ.አ. ከ1940ዎቹ ጀምሮ ኒው ዮርክ ላይ የነገሠው ቢቦፕ የተባለው የጃዝ ዓይነት ጥድፊያ የበዛበት ነበር። ኮርዱ፣ ማለትም አብረው የሚሰሙት ድምፆች ስብስብ፣ በአንድ ሜዠር (በአንድ የምት መለኪያ) ውስጥ ሁለት ጊዜ ሊለዋወጥ ይችላል፤ ብቻውን የሚጫወተው ሰው ደግሞ ለእያንዳንዱ ኮርድ የሚስማማውን ድምፅ እየመረጠ ሳያርፍ መሮጥ ይኖርበታል። ማይልስ በወጣትነቱ ከቢቦፕ ፈር ቀዳጁ ከቻርሊ ፓርከር ጎን ቆሞ የተጫወተ ሰው በመሆኑ ይህን ሩጫ ከማንም በላይ ያውቀዋል። በ1950ዎቹ መጨረሻ ላይ ግን ኮርዶቹን ቀንሶ፣ ተጫዋቹ በአንድ ስኬል (በአንድ የድምፆች መደዳ) ላይ ረጅም ጊዜ የሚቆይበትን መንገድ መረጠ። ለዚህ መንገድ ከጠረጉት አንዱ ጆርጅ ራስል በ1953 ያሳተመው የሙዚቃ ንድፈ ሐሳብ ነበር።

«ሶ ዋት» የተባለውን የመጀመሪያውን ዜማ ይመልከቱ። ዜማው ሠላሳ ሁለት ሜዠር አለው። ዐሥራ ስድስቱ በፒያኖ ነጭ ቁልፎች ላይ ከሬ እስከ ሬ በሚገኘው ስኬል ላይ ይቆማሉ፣ ቀጥሎ ያሉት ስምንቱ ያንኑ ስኬል ግማሽ ድምፅ ከፍ ያደርጉታል፣ የመጨረሻዎቹ ስምንት ደግሞ ወደ ሬ ይመለሳሉ። ሌላ ምንም ለውጥ የለበትም። እንግዲህ ክራር የሚጫወት ሰው ዘፈን ከመጀመሩ በፊት ክሮቹን በትዝታ፣ በባቲ፣ በአምባሰል ወይም በአንቺ ሆዬ ይቃኛል፤ ከቃኘ በኋላ ዘፈኑ እስኪያልቅ ድረስ ማደሪያው ያ ቅኝት ነው። አድማጩ በየመንገዱ የቅኝት ለውጥ አይጠብቅም፤ የሚጠብቀው ተጫዋቹ በዚያው ቅኝት ውስጥ ምን ቆፍሮ እንደሚያወጣ ነው። የእኛ ጆሮ ከልጅነቱ የሠለጠነው ለእንዲህ ያለ ቆይታ ስለሆነ፣ ለብዙ ሰው አዲስ የነበረው ነገር ለእርስዎ አዲስ አልሆነብዎትም።

ተማሪዎቼን የማሠራቸው አንድ ሙከራ አለ። ክራሩን በባቲ ማይነር ከሬ እናስጀምረዋለን፤ ሬ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ፣ ዶ ማለት ነው። እነዚህ አምስቱም ድምፆች በ«ሶ ዋት» ስኬል ውስጥ ስላሉ፣ ከሸክላው ጋር ስንጫወት ዐሥራ ስድስት ሜዠር ሙሉ ክራሩ ከማይልስ ትራምፔት ጋር አንድ ቤት ያድራል። ከዚያ ሙዚቃው ግማሽ ድምፅ ወደ ላይ ሲወጣ ክራሩ ባዶ ሜዳ ላይ ይቀራል፤ ከሸክላው ጋር አብረው የሚሄዱ ሁለት ድምፆች፣ ፋና ዶ፣ ብቻ ስለሚቀሩ ተማሪው እጁን አንሥቶ ይጠብቃል። ስምንት ሜዠር አልፎ ሙዚቃው ወደ ሬ ሲመለስ ፊቱ ላይ የሚታየውን ደስታ ባዩልኝ። አልበሙ በጥቂት ነገር ይህን ያህል የመሄድና የመመለስ ስሜት እንዴት እንደሚፈጥር ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላገኘሁም። በነገራችን ላይ፣ ክራሬን በኪቦርድ ልክ ከቃኘሁት ከሸክላዬ ጋር አይስማማም፤ ሁልጊዜ ክሮቹን ትንሽ ማክረር አለብኝ። ምክንያቱን የሚያውቅ ቢኖር ደስ ይለኛል።

ሌላው የሚያቀርበን ነገር አውጪና ተቀባይ ነው። በ«ሶ ዋት» ውስጥ ዜማውን የሚያወጣው ፖል ቼምበርስ በቤዙ ሲሆን፣ ትራምፔቱና ሁለቱ ሳክስፎኖች በሁለት ድምፅ ብቻ ይቀበሉታል። አብዛኛውን ጊዜ ከኋላ ሆኖ የሚሸከመው መሣሪያ እዚህ ፊት ወጥቶ ሲያወጣ፣ ፊት የሚሆኑት ደግሞ ተቀባይ ሲሆኑ መስማት እስከ ዛሬ ያስደስተኛል።

ስለ አፈጣጠሩም አንድ ነገር ልጨምር። ፒያኒስቱ ቢል ኤቫንስ በሸክላው ሽፋን ጀርባ በጻፈው ማስታወሻ፣ ማይልስ ንድፎቹን ያሰበው ከቀረጻው ጥቂት ሰዓታት በፊት እንደሆነ ይናገራል፤ ሥራውንም በቀጭን ወረቀት ላይ ብሩሽን ሳያቋርጡ ከሚሥሉት የጃፓን ሥዕል ጋር ያነጻጽረዋል፤ እጅ ከተጠራጠረ ወረቀቱ ይበላሻልና። እኔ ይህን ሳነብ ያሰብሁት የቅኔ ቤትን ነው። ባለቅኔው የቅኔውን መንገድ ለዓመታት ያጠናል፤ በማኅሌት ላይ ሲቆም ግን የሚዘርፈው ለዚያ ቀን ብቻ የሚሆን አዲስ ቅኔ ነው። ያ ትኩስነት በዚህ አልበም ውስጥ ታትሞ ቀርቷል።

ይህን ሁሉ ስል ማይልስ ከእኛ ቅኝት ወሰደ እያልሁ አለመሆኑን አጥብቄ ላሳስብ እወዳለሁ። እሱ ራሱ በሕይወት ታሪኩ የሚያነሣው ከጊኒ የመጣውን የአፍሪካ ባሌት ቡድንና የጣት ፒያኖ ድምፅ ነው፤ ያሰበው ቦታ እንዳልደረሰም ይናገራል። ደግሞም የእሱ ስኬል ሰባት ድምፅ ሲኖረው የእኛ ቅኝት አምስት ነው፤ ቅኝትም ከነማስዋቢያውና ከነዘፈኖቹ እንጂ ከስኬል ጋር እኩል አይደለም። ዝምድናው የአሠራር ነው።

መልስ፦ የሌሊት ተረኛ

እኔ ሙዚቃ አልተማርሁም፤ ነርስ ነኝ። ከሌሊት ሥራ ተመልሼ የምሰማው ሦስተኛውን፣ «ብሉ ኢን ግሪን» የሚባለውን አጭሩን ነው። የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያልቅ ለማወቅ ለዓመታት ሞክሬ አልቻልሁም፤ አልቋል ስል ለካ እንደገና ጀምሯል። ይህ የእኔ ድካም ነው ወይስ በእርግጥ እንዲህ ሆኖ ተሠርቷል?

መልስ፦ ድራመር ነኝ

እህቴ፣ ድካምዎ አይደለም። ሌሎች ዜማዎች አብዛኛውን ጊዜ በዐሥራ ሁለት ወይም በሠላሳ ሁለት ሜዠር ሲዞሩ «ብሉ ኢን ግሪን» የሚዞረው በዐሥር ነው፤ መጨረሻውም ከመጀመሪያው ጋር እንዲገጣጠም ሆኖ ስለተሠራ ስፌቱ አይታይም። በዚያ ላይ ተጫዋቾቹ ሲቀያየሩ ዙሩ ጠበብ እያለ ሁለት ጊዜ ይፈጥናል። የአልቶ ሳክስፎን ተጫዋቹ ካነንቦል አደርሊ በዚህ ዜማ ውስጥ ጨርሶ አይጫወትም፤ ማይልስም የትራምፔቱን አፍ በማፈኛ ደፍኖ ስለሚጫወት ድምፁ ጆሮ ሥር የሚያንሾካሹክ ሰው ይመስላል። ሸክላው ላይ ደራሲው ማይልስ ነው ቢልም፣ ቢል ኤቫንስ የእኔ ሥራ ነው ብሎ ሲከራከር ኖሯል።

ለጠያቂው የምሰጠው መልስ ግን ከክራር መምህሩ ትንሽ ይለያል። ስለ ቅኝቱ ያሉትን እቀበላለሁ፤ ይሁን እንጂ ስለ ቤትና ስለ ማረፍ ብቻ ከተናገርን አልበሙን ለስላሳ ሙዚቃ እናስመስለዋለን። በየካፌው ዝቅ ብሎ የሚከፈተውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ሰው ወሬውን እያወራ ያልፈዋል፤ ይህ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። በእኔ ግምት አልበሙን ያቆየው ውስጡ ያለው ውጥረት ነው።

የቴነር ሳክስፎን ተጫዋቹን ጆን ኮልትሬንን ብቻ ተከትላችሁ አንድ ጊዜ አዳምጡት። ማይልስ አንዲት ድምፅ አውጥቶ ዝም በሚልበት ቦታ፣ ኮልትሬን ያንኑ ስኬል ከላይ እስከ ታች ይፈትሸዋል፤ በር ያጣ ሰው ግድግዳውን እንደሚዳስስ ማለት ነው። የአልበሙ ሁለተኛ ቀረጻ በሚያዝያ ካለቀ በኋላ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ፣ ይኸው ሰው ወደ ስቱዲዮ ገብቶ በኮርድ ብዛትና ፍጥነት ወደር ያልተገኘለትን «ጃይንት ስቴፕስ»ን ቀድቷል። እንግዲህ ሁለቱን ተቃራኒ መንገዶች በአንድ ወቅት በልቡ ተሸክሞ ነው እዚህ የተጫወተው። ከእሱ ቀጥሎ የሚመጣው ካነንቦል ደግሞ የብሉዝ ሰው ነው፤ ጨዋታው ፈገግታ አለበት። ቢል ኤቫንስ የፈረንሳይ ክላሲካል ሙዚቃ ደራሲዎቹን የራቬልንና የደቡሲን ሙዚቃ ያጠና፣ ከቡድኑ ወጥቶ ለዚህ ቀረጻ ተመልሶ የተጠራ ሰው ነው። በዚያን ጊዜ የቡድኑ ፒያኒስት የነበረው ዊንተን ኬሊ ደግሞ ለመቀዳት መጥቶ ሌላ ሰው ፒያኖው ላይ ተቀምጦ አገኘ፤ «ፍሬዲ ፍሪሎደር» የተባለውን ብሉዝ ብቻ ተጫወተ፤ ያቺ አንዲት ዜማ ግን በእሱ እጅ እንዴት እንደምትደንስ ስሙት። እነዚህ ሰዎች አንዱ ሌላውን ለመምሰል አልሞከሩም። በተከፈተላቸው ሰፊ ቦታ ላይ እያንዳንዱ የራሱን ጠባይ ይዞ ገባ፤ ስለዚህ አንድ ቀን ከኮልትሬን ጋር፣ ሌላ ቀን ከኤቫንስ ጋር እያዳመጥሁ አልበሙ አያልቅብኝም።

ስለ ራሴ መሣሪያም ልናገር። ማይልስ በ«ሶ ዋት» ብቻውን መጫወት በሚጀምርበት ቅጽበት ጂሚ ኮብ ሲምባሉን አንድ ጊዜ ይመታዋል። ድምፁ ከትራምፔቱ በላይ ተንሳፍፎ ቀስ እያለ ይጠፋል። አንድ ምት ነው፤ እኔ ግን ያን ምት ለማግኘት፣ ማለትም ኃይሉን፣ ሰዓቱንና ከዚያ በኋላ ያለውን ዝምታ ለማግኘት ዓመታት ፈጅቶብኛል፤ አሁንም አገኘሁት ለማለት አልደፍርም። ኮብ በግንቦት 2012 ዓ.ም. እስካረፈ ድረስ ከሰባቱ የመጨረሻው በሕይወት የነበረ ሰው ነው።

ጸጥታው ከጸጥታ የመጣ አለመሆኑን ለማወቅ ደግሞ ዘመኑን ማስታወስ ይበቃል። አልበሙ በወጣ በስምንተኛው ቀን፣ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 25 ቀን 1959፣ ማይልስ በርድላንድ በተባለው ክበብ በር ላይ በሥራው መካከል ለዕረፍት ወጥቶ ቆሞ ሳለ፣ ፖሊስ ከዚያ ሂድ አለው፤ እዚህ እኮ የምሠራ ነኝ፣ ስሜም እላይ ተጽፏል ብሎ ቢያስረዳ ራሱን ተመትቶ በደም የራሰ ልብስ ለብሶ ታሰረ። በዚያ አገር፣ በዚያ ዓመት ይህን ያህል ራስን መግዛት የሚሰማበት ሙዚቃ መጫወት ቀላል ነገር አልነበረም።

መልስ፦ ሸክላ ሰብሳቢ

የክራር መምህሩ ላነሡት የቅኝት ጉዳይ መልስ አለኝ። ጥፋቱ የክራሩም የጆሮዎም አይደለም።

አልበሙ የተቀዳው ኒው ዮርክ 30ኛው ጎዳና ላይ በነበረው የኮሎምቢያ ስቱዲዮ፣ በሁለት ቀን ነው። የመጀመሪያው ቀን እ.ኤ.አ. መጋቢት 2 ቀን 1959 ነበር። በእኛ አቆጣጠር የካቲት 23 ቀን 1951 ዓ.ም.፣ የዓድዋ ድል በዓል ዕለት ይውላል፤ አጋጣሚ ነው፣ ነገር ግን ባወቅሁት ጊዜ ደስ አለኝ። በዚያ ቀን የተቀዱት በሸክላው የመጀመሪያ ገጽ ያሉት ሦስቱ ናቸው። ዋናው የመቅጃ ማሽን በዚያ ቀን ከሚገባው ፍጥነት በጥቂቱ ዘግይቶ ኖሮ፣ ቴፑ በትክክለኛው ፍጥነት ሲጫወት ሦስቱም ዜማዎች በጥቂቱ ይፈጥናሉ፣ ድምፃቸውም ከግማሽ ድምፅ ባነሰ ልክ ከፍ ይላል። ስሕተቱ ከሠላሳ ዓመት በላይ በእያንዳንዱ ሸክላ ላይ ሲታተም ኖሮ፣ የታረመው በሌላ ማሽን በተቀዳው የመጠባበቂያ ቴፕ አማካይነት እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። ከሸክላው ጋር ፒያኖ የሚለማመዱ ሰዎች ለምን እንደማይገጥምላቸው ሲቸገሩ የኖሩት በዚህ ምክንያት ነው። ክራር ግን ክሩን አክርሮ ይከተላል። የመምህሩ ሸክላ ከ1992 በፊት የታተመ እንደሚሆን አልጠራጠርም።

ጠያቂው ስለ አቀራረጹም ጠይቀዋል፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። ስቱዲዮው ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን የነበረ፣ ጣሪያው እጅግ ከፍ ያለ ሕንፃ ነው። መሐንዲሱ ፍሬድ ፕላውት ሁሉንም በአንድ አዳራሽ ውስጥ አድርጎ በሦስት ትራክ ቴፕ ቀዳቸው፤ እያንዳንዱን መሣሪያ ለየብቻ ቀድቶ በኋላ ማገጣጠም የሚባል ነገር አልነበረም። ስለዚህ አድማጩ የሚሰማው መሣሪያዎቹን ብቻ ሳይሆን በመካከላቸው ያለውን አየር ጭምር ነው። የኮብ ሲምባል ያን ያህል የሚንሳፈፈው ለመንሳፈፍ የሚበቃ ከፍታ ስለነበረው ይመስለኛል።

በአንድ ነገር ግን ጥንቃቄ እንድናደርግ እፈልጋለሁ። አልበሙን ስናወድስ ብቸኛ እንዳናስመስለው። በዚያው ዓመት የዴቭ ብሩቤክ «ታይም አውት»፣ የቻርልስ ሚንገስ «ሚንገስ አ አም» እና የኦርኔት ኮልማን «ዘ ሼፕ ኦፍ ጃዝ ቱ ካም» ወጥተዋል፤ ሦስቱም ዛሬ ሕያው ናቸው። ልዩነቱ እነዚያ አድማጩ መጥቶ እንዲያገኛቸው የሚጠይቁ ሲሆን፣ ይህኛው ጃዝ ሰምቶ የማያውቀውን ሰው እንኳ ደጁ ድረስ ሄዶ መቀበሉ ነው። አጎትዎ ለአንድ ተማሪ የትኛውን መስጠት እንዳለባቸው አውቀዋል።

መልስ፦ የማታ አድማጭ

ለሁላችሁም ምስጋናዬ ከልብ ነው። ትናንት ማታ የመምህሩን ሙከራ ያለ ክራር፣ በማንጎራጎር ብቻ ሞከርሁት፤ ሙዚቃው ግማሽ ድምፅ ሲወጣ እኔም ሳላውቀው እስትንፋሴን ይዤ እጠብቅ እንደነበር ያስተዋልሁት ገና አሁን ነው። የአጎቴን ካሴትና የታረመውን ቅጂም አከታትዬ ሰማኋቸው። ልዩነቱ ጥቂት ነው፣ ግን አለ፤ ለእኔ ትክክለኛው የመሰለኝ የፈጠነው ሆነና፣ ለካ በጆሮዬ ውስጥ የተቃኘው ስሕተቱ ነው ብዬ ተገረምሁ። ስለዚህ ትዝታውም ሙዚቃውም እኩል ድርሻ አላቸው ለማለት ተገድጃለሁ።

አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። የመጨረሻው «ፍላሜንኮ ስኬችስ» አምስት ስኬሎች እንዳሉት፣ እያንዳንዱ ተጫዋችም በየስኬሉ የፈለገውን ያህል ቆይቶ ወደ ቀጣዩ እንደሚሻገር አንብቤአለሁ። ሽግግሩን በጆሮዬ ማግኘት ግን አልቻልሁም። ምኑን ልከተል?

መልስ፦ የክራር መምህር

ሸክላ ሰብሳቢው የብዙ ዓመት እንቆቅልሼን ስለፈቱልኝ አመሰግናለሁ፤ ሸክላዬ በእርግጥም አሮጌው ነው።

ጠያቂው ሆይ፣ ትራምፔቱን ወይም ሳክስፎኑን አይከተሉ፤ ቤዙን ይከተሉ። ፖል ቼምበርስ መሠረቱን ሲለውጥ ቤቱ ተለውጧል ማለት ነው። የመጀመሪያው ስኬል ብሩህና ክፍት ነው፤ ሁለተኛው ትንሽ ያጠላል፤ ሦስተኛው እንደገና ይፈካል። አራተኛው ላይ ሲደርሱ ግን መሳት አይችሉም፤ ለዜማው የስፔንን ስም ያሰጠው ያ ቦታ ነው፤ ማይልስና ኮልትሬንም እዚያ ከሌሎቹ ስኬሎች ይልቅ ረዘም ብለው ይቆያሉ። ከሬ የሚነሣ ሆኖ ሁለተኛው ድምፅ ግማሽ ብቻ ከፍ ይላል። በአምባሰል የተቃኘ ክራር፣ ሬ፣ ዝቅ ያለ ሚ፣ ሶል፣ ላ፣ ዝቅ ያለ ሲ፣ ሙሉ በሙሉ እዚያ ስኬል ውስጥ ይገባል። ዜማው የተቀዳው በሁለተኛው ቀን ስለሆነ የማሽኑ ስሕተት አይነካውም፤ ክራሩን በኪቦርድ ልክ መቃኘት ይበቃል። እኔ ዛሬ ማታ ተማሪዎቼ ሲመጡ ይህን እንሞክራለን፤ እርስዎም ማይልስ አራተኛው ላይ ሲደርስ አምባሰልን ቀስ ብለው ያንጎራጉሩበት።